የላዩ ውሃ

ቴያቴያኔንግ፣ ጁን 6 ቀን 2004

ለእህቴ ለንጾአኪ፣ ጆሃንስበርግ

ሰላም፣ የላዩ ውሃ፣ ጥጋብ ከደጅሽ አይራቅ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበትሽ ነገርስ? እኛ ብርዱ ጥርስ ለጥርስ አጋጭቶን እንጂ ደህና ነን። ማሽላው ገብቷል። ሽማግሌው የባሌ አባትም ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው።

«የላዩ ውሃ» ስል እንደ ሁልጊዜው ትስቂብኛለሽ። ምን ላድርግ? አገሩ ሁሉ ሰላምታውን በሙሉ ቃሉ ይላል፤ እኔ ግን ከደመና የሚወርደው ነገር መጠሪያው ከሽማግሌው ስም ጋር ገጠመብኝ። ምራት ደግሞ የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙን የሚመስለውንም ቃል አታነሳም። እኔ ሃያ አራት ዓመት ስዘለው ኖሬያለሁ። እህትሽ ሊኔኦም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚህ ቤት አብራኝ ምራት በነበረችባቸው ሰባት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አላመለጣትም።

ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። የላክሽው የካርቱኗ የኮፉ ሲዲ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ልናገር ነው፣ አትቀየሚኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው ኤሊ ነው። ኮፉ ቀንድ አውጣ ናት፤ ስሟም ያው ቀንድ አውጣ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ስንት ክፍል መማር ይጠይቃል? እኔ በስድስተኛ ክፍሌ አውቄዋለሁ። ሦስተኛው ታሪክ ሁለት ጊዜ ተቀድቷል፣ ዘጠነኛው ጭራሽ የለም። ያ የምንወደው መዝሙር «ቤቴን አዝዬ» ላይ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ይቆማል። ቀለሟ ደግሞ በውርጭ አድራ የተገኘች ይመስል ሰማያዊ ሆናለች። በፊት የወጣው የቪዲዮ ካሴት አራት ታሪክ ብቻ ይዞ አራተኛው ሳያልቅ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ የወጣው ሲዲ ሙዚቃው ንግግሩን ይውጠው ነበር። አሁን «ታድሶና ታርሞ» ብለው ጽፈውበታል። ምኑን ነው ያረሙት እያልኩ ስስቅ ነበር።

ከዚያ ሰማሁት። ታስታውሻለሽ፣ እህትሽ ለቴሌቪዥን ኮፉን በእኛ ቋንቋ ስታናግር፣ ሰማዩ ሲከፈት ያቺ ቀንድ አውጣ ጮኻ የምትናገራት ነገር አለች። ሊኔኦ ቃሏን አልልም ብላ «ሜትሲ አ ሆሊሞ»፣ «የላዩ ውሃ መጣ» አለች። የቀንድ አውጣዋ አፍ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው አሉ፤ ያን ሁሉ በሁለት አፍ ለማድረስ ምላሷን እንደ ቆሎ ታስፈነጥረው ነበር። የአገሩ ልጅ ሁሉ በዚያ ነው የወደዳት። በዚህ ሲዲ ግን ያችኑ ቃል ትላታለች። በእህትሽ ድምፅ። ደግሞ እዚያው ላይ ሲዲው ይነክሳል፤ የቃሏ ጫፍ ይቆረጥና ልክ የሽማግሌው ስም ሆና ትደጋገማለች፤ አምስቴ፣ ስድስቴ።

ሽማግሌው ምድጃው አጠገብ ነበሩ። ቀና አሉ። «ሊኔኦ ናት?» አሉኝ። ካርቱኑ ነው ንታቴ፣ አባቴ፣ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው «አቤት» አሉ። «ወይ» አይደለም ንጾአኪ፤ «አቤት»። ሽማግሌ ለምራቱ «አቤት» ይላል?

ሲዲውን ያወጡትን ሰዎች ጠይቂልኝ። እንዴት አድርገው ነው ሬሳ ያናገሩት? የድሮውን፣ ለቴሌቪዥን የተቀዳውን፣ ያልተነካውን ካሴት ፈልጊልኝ። ሾፌሩ ሞኮኔ ማክሰኞና ዓርብ የድንበሩን ድልድይ ይሻገራል፣ በማግስቱም ይመለሳል፤ ለእሱ ስጪው።

እህትሽ ማሊኬሌሊ


ጆሃንስበርግ፣ ጁላይ 2 ቀን 2004

ለተከበርሽው እህቴ ማሊኬሌሊ

ኾትሶ፣ ፑላ፣ ናላ። ሰላም፣ ዝናብ፣ ጥጋብ። እኔ የዚያ ቤት ምራት አይደለሁምና ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ንታቴ ፑሌ ስማቸው ወረቀት ላይ መጻፉን ቢሰሙ እንደማይቆጡ አውቃለሁ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ሥራ በዝቶብኛል። የሲዲው ነገር ብዙም የሚያስጨንቅ አይደለም። «ፑላ ኤ አ ና»፣ «ዝናብ እየዘነበ ነው» የሚለው ሲነክስ ተቆርጦ «ፑሌ» ይመስላል፤ በቃ ሌላ ምንም የለውም። ለስላሳ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክረሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ ወልውይው፤ ዙሪያውን አይደለም። ለማንኛውም ሌላ ቅጂ ልኬልሻለሁ። ቃሉ እንዴት እንደተለወጠ እነዚያ ሰዎች የሚያውቁ አይመስለኝም። አሁን ሁሉን ማሽን ነው የሚሠራው።

ለሽማግሌው የሱፍ ካልሲ አለበት። ዘጠነኛው ታሪክ ጠፍቷል ነው የሚሉት፤ ያሳዝናል።

ንጾአኪ


ቴያቴያኔንግ፣ ጁላይ 19 ቀን 2004

ለእህቴ ለንጾአኪ

ሰላም፣ የላዩ ውሃ፣ ጥጋብ ይብዛልሽ። ካልሲው ልክ ሆኗል፤ ሽማግሌው ግን ለጎረቤታችን ለሌሳኦና ሰጡት። ወደ ምክንያቱ እመጣለሁ፣ አሁን አትቸኩይ።

አዲሱን ቅጂ ከተትኩት። ኤሊው አለ። ሰማያዊዋ ቀንድ አውጣ አለች። ደግሞ እዚያው ቦታ፣ እዚያችው ቃል ላይ ነከሰ። አልነካሁትም፣ አልጫርኩትም፣ ከላስቲኩ ገና ማውጣቴ ነበር። ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ከሆነ ጨርቅሽና ሳሙናሽ ምን ይፈጥርለታል? አንድ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሳያየው ነው የሸጡልን። እኔ ምንጣፍ ስሸምን አንዲት ክር ከዘለለች እፈታታለሁ፤ ገዢው ባያያት እኔ አያታለሁ።

አሁን ስለ ሽማግሌው። በየቀኑ ከምሳ በፊት «ልጅቷን ክፈቺልኝ» ይላሉ። ሳይሰሙ ፓፓውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ አይቀምሱም። አንድ ቀን ሲዲውን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅሁት። «ልጄ፣ ዛሬ ኮፉ የት ሄደች?» አሉ። ተሰብሯል ንታቴ አልኳቸው። «ዱቄት ይሸታል ውሸትሽ» አሉኝ። ዓይን የለም እንጂ አፍንጫቸውስ የጅብ ነው። አውጥቼ ከፈትኩት።

በዚያን ቀን ሁለተኛውን «አቤት» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አምጪ አሉኝ፣ አቧራውን አራገፉ፤ ጥሩውን ብርድ ልብስ ለባሌ፣ በትሩን ለወንድሙ ልጅ ብለው ተናገሩ። ካልሲውም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። «ምን እየሆኑ ነው?» ብላቸው «ስጠራ ባዶ እግሬን ብሄድ ይሻላል፣ ኮቴ አያሰማም» አሉ። ይስቃሉ ደግሞ።

ሌሳኦና ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ «የሞተ ሰው ሲጠራ ሦስት ጊዜ የመለሰለት ይከተለዋል፤ ሁለት ላይ ናቸው» አለችኝ። አታሟርቺ ብያት አባረርኳት፤ ቆይቼ ግን ድስቱን እያጠብኩ እኔም ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

የድሮው ካሴት እንዲገኝ የምለው ለዚህ ነው። ሊኔኦ እንዳልጠራቻቸው በራሷ አፍ ይስሙ። ሌላ አንድም ነገር አልፈልግም። ካልሲም አትላኪ።

ማሊኬሌሊ


ቴያቴያኔንግ፣ ኦገስት 22 ቀን 2004

ንጾአኪ

ሰላም ላንቺ ይሁን። አምስት ሳምንት ሆነ። ሞኮኔን ይዤ ጠየቅሁት። «በእጇ ተቀበለችኝ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አነበበችው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ገባች» አለኝ። ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ተቆጥተሽ ከሆነም ንገሪኝ፤ ቁጣ በጽሑፍ ሲሆን ይበርዳል።

ሽማግሌው ትናንት ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጫማ አላደረጉም ነበር። ሲዲውን አሁን አልከፍትም፤ እሳቸው ግን እየሰሙት ነው መሰለኝ።

ማ.


ጆሃንስበርግ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2004

እሜ ማሊኬሌሊ፣ እህቴ

ኾትሶ። ዛሬ ሁለተኛውን ቃል እኔም ልዝለለው።

ማሽን አይደለም። እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ሥራ ቦታዬ መጣ። የሊኔኦ እህት አንቺ ነሽ? አለኝ። የድሮውን ካርቱን በሲዲ ልናወጣ ነው፣ አንድ ስህተት አለበት፣ እህትሽ «ዝናብ» ማለት እየቻለች «የላዩ ውሃ» እያለች ሞልታዋለች፤ ለትምህርት ቤት የሚሸጥ ስለሆነ ቋንቋው መስተካከል አለበት፣ ድምፃችሁ ይመሳሰላል ይላሉ አለኝ። ስህተት ነው ያለው ልጅ ከተማ ያደገ ነው፤ ምራት ምን እንደማትል አያውቅም። ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም።

እሷ ድምፅዋን የቀዳችበት ባለ መስታወት ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጆሮ ማዳመጫውን ሲያደርጉልኝ ሊኔኦ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማል። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷ ጀምራ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ እኔ «ፑላ» እላለሁ፣ እሷ ትቀጥላለች። የቀንድ አውጣዋ አፍ ሁለቴ ተከፈተ፣ ቃሏም ሁለት ድምፅ ናት፤ ልክ ገባች። መስታወቱ ማዶ ያሉት አጨበጨቡ። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ደግሜ ልበለው፣ ደግሜ ልበለው አልኩ። ሰዎቹ ጥንቁቅ መሰልኳቸው። ከእሷ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለመቆየት ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ መጨረሻዋ ቀን ላይ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፊቷ በራ። በጣቷ ወደ መስኮቱ አሳይታኝ «የላዩ ውሃ» አለች። ትንፋሿ የማይበቃ ሰው ያንን ሁሉ ትላለች። «ሊኔኦ፣ ከባልሽ ቤት ማንም የለም፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ አጭሯን በያት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችብኝ። ፈገግ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችሁ ላይ ቂም ይዤ ኖርኩ። እናንተ አፏን ዘግታችሁ ቀበራችኋት ብዬ። ቃሏን በእሷ ድምፅ ያልኩት ላስከፍታት ብዬ ነበር። ሽማግሌው የሚሰሙት አልመሰለኝም። ማሊኬሌሊ፣ ውሸቴን ነው፤ ይስሙት ብዬ ነበር የላክሁት።

ግን እሷን ተከትለው ይሂዱ ብዬ አልነበረም።

የድሮው ካሴት ተገኝቷል። ድምፁን ያኔ የቀዳው ሰው ጡረታ ወጥቶ ሶዌቶ ይኖራል፤ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ ነው ያገኘሁት። አንድ መሳቢያ ሙሉ አለው። «ኩባንያው ሊጥለው ሲል እኔ ወሰድኩት፤ ማንም አይጠይቅም ብዬ ነበር» አለኝ። ዘጠነኛውም ታሪክ አለበት። ጠፋ ያሉት ውሸት ነው፤ ማንም አልፈለገውም እንጂ። ለሞኮኔ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዬን አንብቢላቸው። ከፈለጉ ይርገሙኝ።

ንጾአኪ


ቴያቴያኔንግ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2004

ለእህቴ ለንጾአኪ

ሰላም፣ የላዩ ውሃ፣ ጥጋብ። ይኸው ሙሉውን መልሼልሻለሁ፤ አንቺም ሁለተኛ አትዝለይ፣ ለእኔ ተይልኝ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ያቺ ቃል ስትመጣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ «ገባኝ፣ እለፊ» ይላሉ። የሆስፒታሉ ጋ ስደርስ ግን መጥረጉም አቃተኝ። ከዚያ «ካሴቱን አሰሚኝ» አሉ።

የካሴት ዴክ ያለው መምህሩ ቤት ብቻ ነው። በጋሪ ወሰድናቸው። አቤት ንጾአኪ፣ ቀለሟ ቡናማ ነው ለካ። እኔስ ረስቼው ነበር። መዝሙሩ እስከ መጨረሻው አለ። ከዚያ ደመናው መጣ፣ ኮፉ አንገቷን አወጣች፣ ሊኔኦ ያችን «ሜትሲ አ ሆሊሞ» እንደ ቆሎ አፈሰሰቻት። ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እሷ ናት። ይህቺ የኔ ምራት ናት» አሉ።

እፎይ አልኩ። በቃ ዳኑልኝ አልኩ። በመልሱ ጋሪው ላይ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «እንግዲያ አልጠራችኝም ማለት ነው።»

አልጠራችዎትም ንታቴ፣ አከበረችዎት አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ግን ስሚ ልጄ። እናቴ ሞተች። ሚስቴ ሞተች። በጉርምስናችን አብረውኝ ተራራ ላይ ተገርዘው የወረዱት ሁሉ አለቁ፤ የመጨረሻው አምና ነው። ልጆቼ ንታቴ ይሉኛል፣ የልጅ ልጆቼ ንታቴ ሞሆሎ፣ አያቴ፣ ይሉኛል፣ እናንተ ምራቶቼ ጭራሽ ዙሪያውን ትዞሩኛላችሁ። ስሜን የሚጠራኝ ሰው አልቋል። ያ ሸክላችሁ ሲነክስ እኮ ደስ ያለኝ ለዚያ ነው። ማን ጠራኝ ብዬ አልፈራሁም፤ የሚጠራኝ አለ ብዬ ነው።»

በቅሎዋን ነዳሁ።

ቤት ስንደርስ «ለእህቷ ጻፊላት» አሉ። «ድምፅሽ የእሷ ነው፣ አፍሽ ግን በእኔ አልታሰረም። አልረግምሽም። መጥተሽ ደጃፌ ላይ ቆመሽ ጥሪኝ በያት። ማሽን ሳይሆን ሰው ይጥራኝ።»

ይኸው ጻፍኩ።

ማሊኬሌሊ


ጆሃንስበርግ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2004

እሜ ማሊኬሌሊ

ኾትሶ፣ ፑላ፣ ናላ። ቅዳሜ ከሞኮኔ ጋር እሻገራለሁ። ምን ልልበስ? በምን ድምፅ ልጥራ? መንገድ ላይ እለማመዳለሁ፤ ሞኮኔ ያበደች ይበለኝ።

ንጾአኪ


ቴያቴያኔንግ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2004

ለእህቴ ለንጾአኪ፣ ጆሃንስበርግ

ሰላም ላንቺ፣ የላዩም ውሃ፣ ጥጋብም። በደህና መግባትሽን ሞኮኔ ነግሮናል።

የሽማግሌው መርዶ ቀድሞ ደርሶሻል፤ ከሥራ ለቀብሩ ፈቃድ ስላልሰጡሽ አትዘኚ። መምጣትሽስ በሕይወት ሳሉ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሟሟታቸውን ግን ከእኔ ስሚ፣ ሌሳኦና ከምታወራው ሳይሆን።

መጀመሪያ ያንን ቅዳሜ ላስታውስሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ነበርና በደንብ አልሰማሽ ይሆናል። ደጃፉ ላይ ቆመሽ ስማቸውን ስትጠሪ «ወይ» ነው ያሉት። «አቤት» አላሉም። ለሕያው ሰው፣ ለልጅ እንደሚባለው፣ «ወይ፣ ማን ልበል?» አሉሽ። ከዚያ ደግመሽ ጠራሻቸው፣ ደግመው «ወይ» አሉ፣ ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ስለዚህ እሱ አይቆጠርም። አንቺም አትቁጠሪው።

ሲዲውን ከዚያ ወዲህ ክፈቺ ብለውኝ አያውቁም። ፓፓቸውን በሞሮሆ ጎመን ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ደመናው ከተራሮቹ በኩል መጣ፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። እኔ ከገመዱ ላይ ልብስ እያወረድኩ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሮጬ ገባሁ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። «ልጄ፣ ጣሪያው ላይ ምንድን ነው?» አሉኝ። ያውቁታል እኮ። ዓይነ ስውር ናቸው እንጂ ደንቆሮ አይደሉም። እያሾፉብኝ ነው፣ ወይም እየለመኑኝ ነው። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው ንጾአኪ፣ ልለው ነበር፤ አጭሯን ልላት ነበር። ከንፈሬ ላይ ደረሰች። ሃያ አራት ዓመት ግን ከምላስ ላይ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። «የላዩ ውሃ ነው ንታቴ» አልኩ፤ ፍርሃቱ አጣድፎኝ እንደ ቆሎ አፈሰስኩት። ሳቁ። «ኮፉ» አሉኝ። «አንቺም ኮፉ ሆንሽ።»

የተረፈውን ልብስ ላስገባ ወጣሁ። ስመለስ፣ ከደጃፉ ሳልገባ፣ «አቤት» ሲሉ ሰማሁ። ጠራሁዎት እንዴ ልላቸው ገባሁ። እግራቸውን ወደ መሬት አውርደዋል፣ ባዶ እግራቸውን። አልቆዩም፣ አረፉ።

የሲዲው ዴክ ተዘግቶ ነበር። ይህን በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ፣ ሶኬቱም ተነቅሎ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት የሰፈር ልጆች መጥተው ኮፉን ክፈቺልን አሉ። ካሴቱ መምህሩ ቤት ነው፤ ያው ባለ ኤሊው ሲዲ ነው እዚህ ያለው። ከፈትኩላቸው። ያች ቦታ ስትደርስ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልነከሰም። ኮፉ አንገቷን አወጣች፣ ቃሏን አለች፣ መንገዷን ቀጠለች። ሌላውንም ቅጂ ከተትኩት። እሱም አለፈ። አልወለወልኩትም ንጾአኪ፣ በሳሙናም በደረቅም አልነካሁትም።

እነዚያን ሰዎች ሲዲ በራሱ ይድናል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ልል ነበር። ተይው። ቀንድ አውጣን ከኤሊ የማይለይ ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል?

የጉልበትሽን ነገር ችላ አትበይው። በደህና ኑሪልኝ።

እህትሽ ማሊኬሌሊ